የቅዳሜው ዝግጅታችን፦ ሰዓት ይከበር!

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ስለ ዋይት ሐውስ የሚተርከውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ የ«ዌስት ዊንግ»ን አንደኛ ምዕራፍ በተኩስ ጨርሰን ተለያይተናል። ከዚያ ወዲህ «ማን ተመታ?» የማይለኝ የለም። አልናገርም። እናንተ አንድ ሳምንት ነው የጠበቃችሁት፤ በጊዜው የነበሩት ተመልካቾች ከሜይ 17 እስከ ኦክቶበር 4 ቀን 2000 ድረስ እንዲሁ ተንጠልጥለው ከርመዋል። ተኩሱ የተከፈተበት ሮስሊን (ከዋሽንግተን ማዶ፣ ቨርጂኒያ) ደግሞ ብዙዎቻችን በየቀኑ በሜትሮ የምናልፍበት ሰፈር መሆኑ ነገሩን ቅርብ ያደርገዋል።

የሁለተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ሁለት ክፍል በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ ልክ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን፤ የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም።

ለእኔ ግን ከጥይቱ ወተቱ ይበልጥብኛል። ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ፕሬዚዳንቱ ባርትሌት ገና ዕጩ ሳለ በኒው ሃምፕሸር ናሹዋ ውስጥ፣ ጥቂት ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ያሳየናል። አንድ ወተት አምራች ተነስቶ በኮንግረስ ሳለህ የሰጠኸው ድምፅ ጎድቶናል ይለዋል። ሌላው ቢሆን ያድበሰብስ ነበር። እሱ ግን አዎ፣ ጎድቻችኋለሁ ብሎ ያምናል፤ ድሃ ልጆች ወተት እንዳይወደድባቸው ብሎ ነው። ያኔ ከታዳሚው መሃል ያለውን፣ በኋላ ረዳቱ የሚሆነውን የጆሽን ፊት እዩልኝ።

የደራሲው የአሮን ሶርኪን ሰዎች በኮሪደር እየተጣደፉ ስለሚያወሩ ጽሑፉን ከሥር እናበራዋለን፤ እማማም ጠይቀዋል። ቡናው በእኔ፣ ቆሎና ዳቦ ከእናንተ። የምትቀሩ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁኝ።