የቲቢ መዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ ይታይልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ አገራችን የቲቢ ሕክምና ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው ሕክምናቸው የተሳካላቸው ሕሙማን መቶኛ ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ቢያሰኝም፣ በምን እንደ ተገኘ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ባክቴሪያው በአክታው ተገኝቶ የተለመደውን የ6 ወር ሕክምና የጀመረ ሰው በቲቢ መዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ፣ ማለትም በሕክምና ውጤት ዓምዱ፣ «ተፈውሷል» ተብሎ የሚመዘገበው፣ በሕክምናው ማብቂያ አክታው ተመርምሮ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ወስዶ ይህ ማረጋገጫ የሌለው «ሕክምናውን ጨርሷል» ይባላል። በሪፖርት ሁለቱ ተደምረው «የተሳካ ሕክምና» ስለሚሆኑ፣ የክትትል ምርመራውን ከናካቴው የማይሠራ ጤና ጣቢያም የሚመሰገን ውጤት ያመጣ ይመስላል። ጂንኤክስፐርት የተባለው የባክቴሪያውን ዘረመል የሚያነብ መሣሪያ በሽታውን ለማግኘትና ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን ለመለየት ትልቅ እፎይታ ሰጥቶናል፤ ነገር ግን የሞተውን ባክቴሪያ ዘረመልም ስለሚያነብ ለክትትል አያገለግልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ያው የቀድሞው ማይክሮስኮፕ ነው። አዲሱ መሣሪያ ከገባ ወዲህ ማይክሮስኮፑ አቧራ የጠጣበት ላቦራቶሪ ካለ፣ መድኃኒቱ ያልሠራለት ሕመምተኛ ሳይታወቅ ቤተሰቡ መሐል ይከርማል።

ሌላው ክፍተት የተዛወሩ ሕሙማን ጉዳይ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ መድረሱን የሚያበሥረው ቁራጭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በላኪው መዝገብ «ተዛውሯል» ተብሎ ይዘጋል፣ በተቀባዩ ዘንድ ስሙ የለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ቢያቋርጥም አቋረጠ የሚለው አንድም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ስልክ ተደውሎ ቢጠየቅ የሚፈታ ነገር ነበር፤ የሚደውለው ባለሙያ የካርድ ሒሳቡን ከኪሱ መክፈሉን ሳንቆጥር።

በየወሩ ሪፖርት ከመላኩ በፊት ከመዝገቡ ጋር እንደሚመሳከር አውቃለሁ። ይህ ማመሳከሪያ የሚያሳየው በመዝገቡ የተጻፈው በትክክል መደመሩን ነው፤ የተጻፈው መደረጉን አያሳይም። ለድጋፋዊ ክትትል የሚመጡ ባለሙያዎች ድምሩን ከማየት ይልቅ ሕክምናቸው የተዘጋ ጥቂት ሕሙማንን ከቲቢ መዝገብ መርጠው፣ የእያንዳንዳቸውን የአክታ ውጤት በላቦራቶሪው መዝገብ ቢፈልጉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያን ጊዜ ጉድለቱ ከሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እጥረት ይሁን ከባለሙያ መዘናጋት ይለያል። «አቋርጧል» ብሎ በሐቅ የጻፈውን ጤና ጣቢያ በግምገማ ላይ ማሸማቀቅም ይቁም፤ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያምረው በዚህ ፍርሃት ነውና።

ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች በሚያወጧቸው ሪፖርቶች የተፈወሱትንና ሕክምናቸውን የጨረሱትን ለየብቻ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጤና መኮንን
ከጎንደር