ያ የሽቦ ጠባሳ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 12

እህት ዓለሜ፣

አባትሽ ካረፉ ወዲህ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍኩልሽም። ለልቅሶው ገንዘብ በሰው እጅ ልኬ ዝም ማለቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሳፍረኝ ኖሯል፤ ሐፍረቱ ራሱ ደግሞ እየቆየ ሌላ የመዘግየት ሰበብ ሆነኝ። ይቅር በይኝ። ከዚህ በላይ ብዘረዝረው ራሴን መከላከል ይመስልብኛል፤ ደግሞም ዛሬ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይቅርታው ብቻ ሳይሆን የማስቸግርሽ ነገር ስላለ ነው።

የቀኝ ትከሻዬን ጠባሳ ታስታውሻለሽ። እንዴትስ ትረሽዋለሽ? ኮክ ልንሰርቅ ስንወጣ ከሥር ገፍተሽ የሽቦው አጥር ላይ የጣልሽኝ አንቺ ነሽ፤ የተፈጨ ቡና ነስንሳ ደሜን ያቆመችው ደግሞ እናቴ ናት። ያ ጠባሳ ከአራት ዓመት በፊት ጠጠር ብሎ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ቁራጭ ወስዶ ሳያስመረምር፣ የጥቁር ሰው ቆዳ ነውና ኬሎይድ፣ ማለትም ከልክ በላይ ያደገ ጠባሳ፣ መሆን አለበት ብሎ ለወራት መርፌ ሲወጋው ከረመ። ባለፈው ጥር ሌላ ሐኪም ስታስመረምረው ግን ስሙ ደርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ ሆኖ ተገኘ። ስሙን አጣርቼ ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አዎ፣ የቆዳ ካንሰር ነው፤ እዚህ አገር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አራት ያህሉን የሚይዝ ብርቅዬ ዓይነት ሲሆን፣ ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ አካል የሚዛመተው ከመቶ አምስት በማይሞሉ ሕመምተኞች ላይ ስለሆነ ገና ጥቁር ልብስ አታውጪ። ክፋቱ ሌላ ነው፦ ከላይ ትንሽ ጉብታ መስሎ ይታይና እንደ ሰርዶ ከቆዳ ሥር እየሰደደ ይሄዳል፤ አንዲት ሥር ከቀረችም ተመልሶ ይበቅላል። ሁለት ጊዜ ቀደዱኝ፤ በሁለተኛውም ጊዜ ከጡንቻው በኩል ያለው ጠርዝ ንጹሕ ስላልነበረ የቀረውን በጨረር እንዲያክሙት ተወሰነ።

ሰኞ ይጀመራል።

ቁስሉ እስኪጠግግ ስድስት ሳምንት ጠብቀን ለዝግጅቱ የተጠራሁ ዕለት፣ ጨረር ማለት እንደ ራጅ ገብቶ መውጣት መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ጠንካራ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ጥቃቅን ፍሬ የሞላበት ከረጢት ከጀርባዬ ሥር አድርገው፣ አየሩን ከውስጡ ሲስቡት እንደ ድንጋይ ደርቆ የአንገቴንና የትከሻዬን ቅርጽ ያዘ። በየቀኑ የምተኛው በዚያው በራሴ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በሲቲ ስካን ካነሡኝ በኋላ ደግሞ በመርፌና በቀለም ሦስት ነጥብ ነቀሱኝ! እንደ እናቴ አንገታችንን ካልተነቀስን ብለን ስናለቅስ በአለንጋ ያባረረችን ትዝ ይልሻል? ይኸው በአርባ ሦስት ዓመቴ ተነቀስኩ፤ ነጥቦቹ ግን በእኔ ቆዳ ላይ አልለይ ብለው ባለሙያዋ ማርያም ከሳመችኝ ቦታ ሁሉ ጋር ስታስተያያቸው ቆየች።

ከሁሉ የገረመኝ የጨረሩ ጠባይ ነው። ጉልበቱ የሚበረታው ከቆዳ ሥር ጥቂት ከገባ በኋላ ነው አሉኝ፤ ይህ ለሌላው ሕመምተኛ በጎ ቢሆንም ለእኔ ግን መመታት ያለበት ቆዳው ራሱ ነው። ስለዚህ እንደ ቂጣ የሳሳ ለስላሳ ነገር ጠባሳው ላይ ያነጥፉና ጨረሩን ያታልሉታል፤ እሱም ያንን ቆዳ መስሎት ኃይሉን እኔ ላይ ሲደርስ ያወጣዋል። መጠኑ በጨረር መለኪያው በግሬይ በጠቅላላው 60 ሲሆን፣ በቀን 2 ግሬይ እየተከፈለ ለ30 ቀን ይሰጠኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ፍልሰታ ሳይገባ እጨርሳለሁ።

ጨረሩ አያምም ይላሉ፤ እኔም አምኛቸዋለሁ። ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ እንጂ፣ የምፈራው ሁሉም ወጥተው ያ ወፍራም በር ሲዘጋና ብቻዬን ስቀር ነው። በልምምዱ ቀን ዘግተውብኝ የአንቺን ስም ጠራሁ። እንዳትስቂ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ ምንም አታውቅም። በስልክ እንዳልነግራት ድምፄ ያጋልጠኛል፤ በሌላ ሰው አፍ ከሰማች ደግሞ ነቀርሳ የምትለው ነገር ስላለ በዚያው ቀን ደረቷን ትደቃለች። እባክሽ አንቺ ንገሪልኝ። ቡናው ነው ጉዱን ያመጣው ማለቷ አይቀርምና፣ ቡናውም አጥሩም እንዳልሆነ አስረጃት፦ ሐኪሟ በቆየ ጠባሳ ላይ የሚበቅል ጊዜ እንዳለ ብትነግረኝም፣ የበሽታው መነሻ በሕዋሱ ውስጥ ዘረ መል የሚሸከሙት 17ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጫቸውን መለዋወጣቸው ነው፤ ከእናት የሚወረስም አይደለም። በዚህ አንቺም ነጻ ወጥተሻል፤ ስለ ኮኩ ግን አልማርኩሽም። ጨረሩ በሰውነቴ ውስጥ እንደማይቀርና ልጆቼን አቅፌ እንደምተኛም ንገሪያት።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቅባ ቅዱስ፣ እምነትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠቅልላ መንገደኛ እንዳትፈልግ ነው። ጸበሉን እጠጣለሁ፤ ከሰጡኝ ቅባት በቀር ግን ቦታውን ምንም እንዳላስነካ ታዝዣለሁ። እምቢ ስትባል ልቧ ስለሚሰበር በምትኩ ሥራ ስጪያት፦ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይላጣልም ተብያለሁ፤ የጡት መያዣም የቦርሳ ማንገቻም አይነካውም። ራሷ የፈተለችው፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ጥለት የሌለው አሮጌ ነጠላ ትላክልኝ።

የምተኛው ሰኞ በእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት እሷ ዘንድ ሂጂና ቡና አስፈዪ። ቶናው ላይ ንገሪያት፤ በአቦሉ ገና የልጆችሽን ጤና ስትጠይቅሽ ነው የምትቆየው፣ በበረካው ደግሞ አንቺ ለመሄድ ትነሻለሽና።

ያንቺዋ፣
ባለ ጠባሳዋ