ይድረስ ለአባባ፤ ስለ በረንዳው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት አልፎኛል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ እማዬን ነው የምትመስለው። በስልክ ስንነጋገር «በቃ ሒሳብሽ ይቆጥራል» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ዛሬ ልጻፍልዎት አልኩ። ደብዳቤ አይዘጋም።

ባለፈው የበረንዳውን ዋጋ ስነግርዎት «በዚህ ገንዘብ እዚህ ሙሉ ቤት ይቆማል» ብለው ዝም አሉ። እውነትዎን ነው። ግን ዕድሜዎን ሙሉ በአናጺነት ስለኖሩ፣ ገንዘቡ የት የት እንደሚገባ ብዘረዝርልዎት ከማንም በላይ የሚገባዎት እርስዎ ነዎት።

የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጋር ተያይዞ ነው። 12 በ16 ጫማ፣ በእኛ አለካክ ወደ 18 ካሬ ይሆናል። በእንጨት ከሆነ የሰጡኝ ዝቅተኛው ዋጋ 10,500 ዶላር ነው፤ ትሬክስ በሚባለው ከሆነ 17,000። እንጨቱ ፓይን ነው። እንደኛ አገር ጥድ ምስጥን በራሱ የሚችል አይደለም፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት በግፊት አስገብተውበት ነው የሚሸጡት። ትሬክስ ደግሞ ከመጋዝ ብናኝና ከአሮጌ ፌስታል ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ ነው፤ ኩባንያው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዊንቸስተር ነው ያለው። አይበሰብስም፣ ቀለም አይፈልግም። እርስዎ ግን እንጨት ብለው እንደማይጠሩት አውቃለሁ፤ እኔም ልቤ ወደ እንጨቱ ነው። በሁለቱም ዋጋ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የእጅ ዋጋ ነው። እዚህ አናጺ ይከበራል፣ አባባ። ቀድሞ ተቀጣጥሮ፣ ዋጋውን በጽሑፍ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ይህን ሳይ ሁልጊዜ እርስዎ ትዝ ይሉኛል፤ ሠርተው ያልተከፈለዎት ስንቱ ነው።

ከዚያ የምንኖርበት ወረዳ፣ የፌርፋክስ ካውንቲ፣ ፈቃድ አለ። መሬቱ በክረምት ውርጭ ሲመታው ስለሚያብጥ፣ የምሰሶው መሠረት ቢያንስ 24 ኢንች፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ተቆጣጣሪ መጥቶ ጉድጓዱን ሳያይ ኮንክሪት አይሞላም። ከመቆፈሩም በፊት 811 ተደውሎ፣ የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን ቦታ በነጻ መጥተው ቀለም ይቀቡታል። ወለሉን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘው አግዳሚ በምስማር ብቻ መመታት ክልክል ነው፤ በብሎን መታሰር አለበት፤ በረንዳ ተደርምሶ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ተላቆ ነውና። ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን መከለያ ግድ ነው፤ የኛ 36 ነው። በመከለያው ቋሚዎች መካከል የ4 ኢንች ኳስ ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይገባ ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ማንም ሳያዝዝዎት ያደርጉት ነበር። የቤታችንን በረንዳ መከለያ በጣቴ እየለካሁ ነው ያደግሁት።

ይህ በረንዳ መጀመሪያ የታሰበው ለእማዬ ነበር። ነግሬዎት አላውቅም። በ2013 መጥታ እንድትከርም አስቤ፣ ቡና የምታፈላበት ቦታ ይሁናት ብዬ ነበር። በዚያው ግንቦት የጣውላ ዋጋ ጣራ ነካ፤ እዚህ ጣውላ በሚሸጥበት መለኪያ 1,000 ቦርድ ፉት ከ1,600 ዶላር በላይ ገባ፣ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ። እንጨት ይርከስና እሠራዋለሁ፣ እስከዚያ እሷም ትጠብቃለች ብዬ አቆየሁት። እንድጠብቅ ያደረገኝ አለማወቄ ነው፣ አባባ። በየሳምንቱ ስደውል «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ይሉኝ ነበር። ሐኪሙ የነገራችሁን ወንድሞቼም ጎረቤቱም ያውቅ ነበር። እኔ ስለ ጣውላ ዋጋ አወራ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሰዎች ተሰብስበው በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን ሳይ ገባኝ። ተቀብራ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅዎት «በሰው አገር ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው» አሉኝ። ለእኔ ብለው እንደሆነ አምናለሁ፤ እርስዎም ያን ጊዜ ሁሉን ብቻዎን ተሸክመው እንደነበር አውቃለሁ። ግን ይህን ልንገርዎት፦ ከሐዘኗ ይልቅ ሳልሰናበታት መቅረቴ ነው ዛሬም የሚያነቃኝ። አንድ ጊዜ ድምፅዋን እንድሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ቢያደርጉልኝ ኖሮ።

አሁን ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ደውሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ እንደወደቁና ከዘራ እንደያዙ ነገረኝ። እርስዎ በዚያው ሳምንት አነጋግረውኝ ነበር። ስለ ዝናቡ ነበር የነገሩኝ። እባክዎን፣ ሁለተኛ ይህን አያድርጉብኝ። ራጅ ተነሱ? ጉልበትዎ ነው ወይስ ዳሌዎ? ወጌሻ ብቻ አይቶዎት ከሆነ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ገንዘቡን ለታናሽ ወንድሜ ልኬአለሁ። የደም ግፊቱን ክኒንስ ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው?

ኮንትራክተሩ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ፣ ራምፕ፣ እንዲጨምርልኝ ጠይቄዋለሁ። ለእያንዳንዱ 1 ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ስለሚያስፈልገው ለኛ በረንዳ 36 ጫማ፣ 11 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ 6,000 ዶላር ይጨምራል። ባለቤቴ ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለአባቴ አልኩት። ሳልጠይቅዎት ነው የተናገርኩት፤ ስለዚህ አሁን እጠይቅዎታለሁ፦ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ። ለጉብኝት ማለቴ አይደለም። ዜጋ የሆነ ልጅ ለወላጁ ሲያመለክት የዓመት ኮታ አይጠብቅም፤ ሰነዱና ቀጠሮው ግን ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ መጀመር እፈልጋለሁ። የእኔን የልደት ማስረጃና ከእማዬ ጋር የተጋባችሁበትን ወረቀት ለታናሽ ወንድሜ ይስጡት፤ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የእማዬ ሳጥን ውስጥ ይመስለኛል፣ ከክርስትና ፎቶዎቹ ጋር። ቤቱን አይሽጡ። የሚከራየውን ሰው እኔ አስፈልጋለሁ። እድሬንም ትቼ አልሄድም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ወርኃዊ መዋጮዎን ወንድሜ ይከፍላል፣ ተነጋግረናል።

አልመጣም ካሉም ይንገሩኝ፣ ብቻ ምክንያቱን እውነቱን።

አንድ ነገር ግን እስከ ዓርብ ድረስ እፈልጋለሁ። ራምፑ ቢኖርም ደረጃም ይኖራል። የቨርጂኒያ ሕግ የአንዱን እርከን ከፍታ እስከ 8 ኢንች ከሩብ፣ 21 ሴንቲ ገደማ ይፈቅዳል፤ ኮንትራክተሩም ለመቆጠብ እስከዚያው ድረስ መውሰድ ይፈልጋል። እኔ 6 ኢንች፣ 15 ሴንቲ ይሁን ብዬ ያዝኩት። ሜትርዎን ያውጡና ግድግዳ ይዘው፣ ያለ ከዘራ፣ የታመመውን እግርዎን ሳያምዎት ምን ያህል እንደሚያነሡ ይለኩ። ወንድሜ አጠገብዎ ይቁም። ለእኔ ብለው ከፍ አያድርጉት፤ 10 ሴንቲም ቢሆን 10 ይበሉኝ፣ በዚያ ልክ አሠራዋለሁ።

ልጅዎ