የዋርፋሪን ሰዓትና ስልካችን

ሰላም ውድ አባላት፣

ባለፈው እሑድ ስንገናኝ የአንዲት እህታችንን ስልክ አይቼ ደነገጥኩ። መድኃኒት በሚያስታውሰው መተግበሪያ ላይ ማታ 2 ሰዓት ለማለት 2፡00 ብላ ሞልታለች። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ የሚጮኸው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ተኝታ አትሰማውም። የእኛ ማታ 2 ሰዓት በስልኩ 20፡00 ነው። እባካችሁ የራሳችሁን ዛሬውኑ እዩት።

ይህን ያህል የምወተውተው ያለ ምክንያት አይደለም። ልቡ ላይ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መድኃኒቱ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ መድማት ያመጣል። የአይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) ውጤታችሁን በተመረመራችሁበት ቀን ስልኩ ላይ ጻፉ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አንሱት። ከኮምቦልቻ ደሴ ለምርመራ የምትወጡ፣ ካርዱ ቤት ቢረሳ እንኳ ሐኪሙ የቀደመውን ውጤት ያያል።

ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛል፤ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ተዉት አላልኩም፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዘበራረቅ። ለሐኪማችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ።

የልብ ሕመማቸው እንዳይባባስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስዱ ልጆች ያሏችሁ፣ ቀጣዩን ቀን መርፌው እንደተሰጠ እዚያው ሙሉት።

ትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም መድማት፣ የፊት መጣመም ወይም የእጅ መዛል ከታየ ግን ስልክ መነካካት የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

መሙላት የከበዳችሁ ቅዳሜ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንሞላዋለን።