ስህተት ያለበትን የግብር ፎርም ለምን እንደብቃለን?

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። የግብር ሰሞን እዚህ ሂርማታ አካባቢ ብዙ ነጋዴ ፎርሙን ራሱ አይሞላም፣ ከፍሎ ያስሞላና ሳያነበው ፈርሞ ያስገባል። ጎረቤቴ ቡና ቸርቻሪ ናት፣ የ84,000 ብር ሽያጯ ላይ አንድ ዜሮ ተጨምሮ 840,000 ሆኖ ገባባት፣ ያወቀችው የውሳኔ ወረቀቱ ሲደርሳት ነው፣ እሷ ግን "ብናገር ይብስብኛል" ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታው ዝም አለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ፍርሃት ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ሲወጣ ለቅሬታ የሰጠው 21 ቀን ነው፣ ክልላችንም የራሱ አዋጅ ስላለው እባካችሁ ወረቀቱ እንደደረሳችሁ ቀኑን ጠይቁ፣ ዝም ካላችሁ ያልፍባችኋል። ያሳነሰ ሰውም ቢሆን አለቀ ብሎ አይተኛ፣ ቢሮው እስከ 5 ዓመት ድረስ መልሶ ሊያየው ይችላል፣ ማጭበርበር ከሆነማ ገደብም የለውም። ቀድሞ በጽሁፍ ማሳወቅ፣ ደረሰኝና መዝገብ ማያያዝ፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስመትቶ መያዝ ነው የሚያዋጣው። ቢሮዎቹም ለማረሚያ ብቻ አንድ መስኮት ይክፈቱልን፣ አካሄዱንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በር ላይ ይለጥፉልን።

አንድ የጅማ ነዋሪ