ጥገናውና ጌጡ ለየብቻ ይምጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ስማርት ስልክ አፕዴት በዚህ ዓምድ ሰሞኑን የተካሄደውን ክርክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። የአይፎን ወገኖች አንድ ጥገና በወጣበት ዕለት ለሁሉም መድረሱን፣ የአንድሮይድ ወገኖች ደግሞ የሚሹትን አምራች የመምረጥ ነፃነታቸውን እያነሡ ተሟግተዋል። ሁለቱም ያቀረቡት ማስረጃ በአብዛኛው እውነት ነው። ይሁን እንጂ እኔን የሚያሳስበኝን ጥያቄ ከየትኛውም ጎራ ያነሣው አላየሁም፤ እሱም የደኅንነት ጥገናና አዲስ ገጽታ ለምን በአንድ ጥቅል ታስረው ይመጡብናል የሚለው ነው።

ለጥያቄዬ መነሻ የሆነኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። አንድ ምሽት ስልኬ አዲስ አፕዴት መዘጋጀቱን ሲነግረኝ ቻርጀር ላይ ሰካሁትና ፈቅጄለት ተኛሁ። ጠዋት የቀሰቀሰኝ የመስኮቱ ብርሃን ነበር። አላርሙ በሰዓቱ ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ስልኩም ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለውም። ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ አላርሙን ሰርዤ እንደገና ሞላሁ፤ ለውጥ የለም። ምን እንደተነካ ለማወቅ የአፕዴቱን መግለጫ ስከፍት ያገኘሁት «የተለያዩ ስህተቶች ተስተካክለዋል፤ የስልኩ አሠራር ተሻሽሏል» የሚል ብቻ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ አፕዴት መጣ፤ ድምፁም ተመለሰ። መግለጫውን ባነበው ያው ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተቀየረም። መበላሸቱም መጠገኑም በአንድ አፍ ተነገረኝ።

ጥገና ሁልጊዜ ትልቅ ሥራ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ያረመውን ስህተት ያስታውስ። ስልኩ በምስጢር የሚገናኘውን ድረ ገጽ ማንነት በሚያረጋግጠው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ስህተቱ ክፍል ዝለል እንደ ማለት) የምትል መስመር በስህተት ሁለት ጊዜ ተከታትላ ተጽፋ ነበር። ሁለተኛዋ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ስለምትሠራ ዋናው ማረጋገጫ እየተዘለለ፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው በመካከል ገብቶ የሌላውን መልእክት ማንበብ ይችል ነበር። መድኃኒቱ አንዲት መስመር መሰረዝ ነው። አይኦኤስ በተባለው የአይፎን ሲስተም በ6ኛው ስሪት ላይ ለቆየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። 6.1.6 የተባለው ጥገና የተሰጠው ወደ አይኦኤስ 7 ማደግ ለማይችሉት ለአይፎን 3ጂኤስና ለአራተኛው ትውልድ አይፖድ ተች ብቻ ስለነበር፣ አይፎን 4 የያዘ ሰው ያቺን የአንድ መስመር እርማት ለማግኘት መልኩ ከላይ እስከ ታች የተለወጠውንና በዚያ ስልክ ላይ እየተንቀራፈፈ ብዙዎችን ያማረረውን አይኦኤስ 7 መቀበል ግድ ሆነበት። የቤቴን በር ቁልፍ አስጠግናለሁ ብሎ ባለሙያ የጠራ ሰው ማታ ሲመለስ ማድ ቤቱና መኝታ ቤቱ ቦታ ተለዋውጠው ቢጠብቁት ምን ይላል?

መለየቱ አይቻልም የሚል መልስ አልቀበልም፤ እንደሚቻል ያሳዩት ራሳቸው ኩባንያዎቹ ናቸውና። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 አይኦኤስ 15ን ሲያወጣ፣ በአይኦኤስ 14 ላይ መቆየት የፈለገ ሰው የደኅንነት ጥገናውን ብቻ እየወሰደ እንዲቀጥል ምርጫ ሰጥቶ ነበር፤ በ2022 መጀመሪያ ግን ቀድሞም ለጊዜው የታሰበ ነው ተብሎ ቀረ። ጉግልም በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ አንዳንድ የሲስተሙን ክፍሎች ሙሉውን ሳይነካ ፕሌይ በተባለው የራሱ አገልግሎት በኩል ለብቻ ያድሳል። በእርግጥ በአንድሮይድ በኩል መዘግየቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጉግል ያረመው ነገር በቺፕ ሠሪውና በስልክ አምራቹ፣ አንዳንዴም በኔትወርክ አቅራቢው እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው። ጉግልና ሳምሰንግ በየወሩ ጥገና እናወጣለን ያሉትም በ2015፣ በኤምኤምኤስ (ምስልና ቪዲዮ በሚይዝ የስልክ መልእክት) በሚላክ ቪዲዮ ስልክን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ የሚችለው «ስቴጅፍራይት» የተባለ ክፍተት ይፋ ከወጣ በኋላ ነው።

የባለሙያዎቹን ስጋት አልንቅም። የቆየ ስሪት ሁሉ ይጠገን ከተባለ የሚፈተሸው ይበዛል፤ በዚያ መካከልም አዲስ ስህተት ይሾልካል። ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስ የተከለከለውም የተደፈነውን ቀዳዳ ሌባ መልሶ እንዳይከፍተው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 አይኦኤስ 8.0.1 በአይፎን 6 እና 6 ፕላስ ላይ ኔትወርኩንና የጣት አሻራ ማንበቢያውን ከጥቅም ውጭ ሲያደርግ፣ አፕል አፕዴቱን በዚያው ቀን አንሥቶ ተጠቃሚዎች ወደ 8.0 የሚመለሱበትን መንገድ አሳይቷል። የመመለሻው በር እንግዲህ አለ፤ የሚከፈተው አምራቹ ሲፈልግ ብቻ ነው። እኔ የምጠይቀው በሩ ቢያንስ ለገጽታ አፕዴቶች ለጥቂት ቀናት ለተጠቃሚውም ክፍት እንዲሆን ነው።

ሌላው ጉዳይ ግልጽነት ነው። አፕል ያረጀ ባትሪ ያላቸው አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ብሎ በአፕዴት ፍጥነታቸውን መቀነሱን ያመነው በዲሴምበር 2017 ነው። ምክንያቱ ራሱ የሚያስኬድ ነበር። ፈረንሳይ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የጣለችውም ጉዳዩ ለተጠቃሚው ባለመነገሩ ነው።

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚወደሰው የዓመታት ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ አንድ ሞዴል ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ ጉግል ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ደግ ነው። ሆኖም ጥቅሉ ሳይፈታ ዓመቱ ቢረዝም፣ አይፎን 4 የያዘው ሰው የገጠመው ምርጫ ለ7 ዓመት ተራዘመ እንጂ አልተነካም።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሴቲንግ ላይ የተለጠፈችው ቀይ ምልክት ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የመጣው ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና ከሆነ አሁኑኑ እጭነዋለሁ፤ የምስሎቹን ቅርጽ የሚቀይር ከሆነ ግን የአላርሜን ድምፅ ለእሱ አላስይዝም። ለይቼ ላውቅ መግለጫውን ከፈትሁት፤ «የተለያዩ ስህተቶች ተስተካክለዋል» ይላል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ