አባዬ፣ ሳይክሉን አስተካከልኩት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ስፔን፣ ሴቪያ፣ ሙቀቱ ገብቷል። ከምሳ በኋላ ሰው መንገድ ላይ አይታይም።

ባለፈው ስልክ ላይ «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ልመልስልህ ስል መስመሩ ተቆረጠ። በስልክ የሚያልቅ ወሬም ስላልሆነ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። የምሄደው ሞሮን ዴ ላ ፍሮንቴራ ወደምትባል ከተማ ነው። ከሴቪያ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በኖራ ሥራ የታወቀች ነች። እኔን የሚወስደኝ ግን ኖራው ሳይሆን ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው አንድ ጊታር ተጫዋች ነው።

ዲዬጎ ዴል ጋስቶር ይባላል። በፈረንጆቹ 1908 ሮንዳ አካባቢ ተወለደ፣ 1973 ሞሮን ውስጥ አረፈ። ሂታኖ ከሚባሉት የስፔን ሮማዎች (ጂፕሲዎች) ወገን ነው። ፍላሜንኮ ስለሚባለው የደቡብ ስፔን ሙዚቃና ስለ ድሮ ጊታሩ ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚነሱት ሌሎች ናቸው። ራሞን ሞንቶያ በ1936 ፓሪስ ላይ ጊታሩን ብቻውን ይዞ ሸክላ አስቀድቷል። ሳቢካስ ደግሞ በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ከስፔን ወጣ። በላቲን አሜሪካ ዞሮ ዞሮ ኒው ዮርክ ገባና በብዙ ኩባንያዎች ብዙ ሸክላ አወጣ። የሳቢካስ የድሮ ሸክላ ቢወደድ እንጂ ገንዘብ ያለው ሰው አያጣውም። ዲዬጎን ለማግኘት ግን ገንዘብ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሰው ማወቅ ያስፈልጋል።

ዲዬጎ ስቱዲዮ አይወድም ነበር። በሕይወት እያለ በስሙ ለገበያ ያወጣው የብቻ ሸክላ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው በወዳጆቹ መሃል ነው፤ ቡና ቤት ውስጥ፣ ድግስ ላይ፣ እርሻ ቤት ውስጥ እስኪነጋ። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች ስሙን ሰምተው ወደ ሞሮን መምጣት ጀመሩ። ዶን ፖረን የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ እርሻ ቤት ይዞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ከሚመጡት ብዙዎቹ ጊታር ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ቴፕም ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬ የዲዬጎን አጨዋወት የምናውቀው ባብዛኛው እነሱ በየድግሱ ጠርሙስና ብርጭቆ መሃል አስቀምጠው በቀዱት ሪል (የቴፕ ክር ጥቅል) ነው። የስፔን ቴሌቪዥንም ከ1971 እስከ 1973 ባስተላለፈው የፍላሜንኮ ተከታታይ ፕሮግራም ቀርጾታል። ፈርናንዳ ዴ ኡትሬራ ስትዘፍን እሱ ሲያጅባት የሚታይበትን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያሳዩህ። እጁን እየው።

እጁን ስታይ መጀመሪያ ሊገርምህ ይችላል፤ ምክንያቱም ጣቶቹ አይሮጡም። ዋናው ሠራተኛ አውራ ጣቱ ነው። ሁለት ሦስት ኖታ ይመታና ዝም ይላል። ቡሌሪያ የሚባለው ስልት አሥራ ሁለት ምት ነው፤ ፈጣን ነው፤ ብዙ ተጫዋች በኖታ ይሞላዋል። ዲዬጎ ባዶ ይተወዋል። አንተ ትንፋሽህን ውጠህ በውስጥህ ትቆጥራለህ፣ ጠፋበት ስትል አሥረኛው ምት ላይ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። እኔ ከሰማኋቸው ጊታሪስቶች ሁሉ እንደሱ ዝምታን የሚያምን የለም። ለዚህ ነው ቅዳሜዬን የምሰጠው።

አሁን ወደ ቴፑ ልምጣ። ሞሮን ውስጥ ሰው በሰው ሲያገናኘኝ ቆይቶ በመጨረሻ አንዲት አዛውንት ጋ ደረስኩ። ስማቸው ይቅር። ሟች ባለቤታቸው በወጣትነቱ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የቀዳቸው ሪሎች አልጋቸው ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል። «ይሰማ፣ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉኝ። እሺ አልኩና የገዛሁትን አሮጌ ሪል ቴፕ ተሸክሜ በአውቶቡስ ሄድኩ። ክብደቱን ታውቀዋለህ፤ ትከሻዬ ሰነበተ። ክሩን የሚያነበውን ሄድ እንዳስተማርከኝ በአልኮል ጠርጌ፣ ክሩን አስገብቼ ለቀቅኩት።

ጊታሩ ወጣ። ከመጀመሪያው ምት እሱ ነው። ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣም። ፍላሜንኮ ውስጥ ጊታሩን ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች አንገቱ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ቃናውን ስለሚቀያይሩት፣ በቃናው ብቻ ፍጥነቱ ልክ ይሁን አይሁን አታውቅም። ቡሌሪያውም በባሕሪው ስለሚፈጥን ቢፈጥንም አያሳብቅም። ያሳበቀው ወሬው ነው። በዘፈኑ መሃል ሰው ሲስቅ፣ አንዱ ወይን ቅዳልኝ ሲል፣ የሁሉም ድምፅ የሕፃን ነው። አሮጊቷም «ባሌ እንዲህ አይናገርም ነበር» አሉ።

ያኔ ነው አንተ የመጣህብኝ። ሱቅህ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ይዘው ሲመጡ «ትራንስፎርመር ገዝተንለታል» ሲሉህ፣ «ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አይቀይረውም» ትላቸው ነበር። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ሳይክል ነው፣ የስፔን እንደ እኛው 50። ሞተሩ በመብራቱ ሳይክል የሚዞር ማሽን እዚህ ሲሰካ በአንድ ስድስተኛ ዘግይቶ ይዞራል። በዘገየ ማሽን የተቀዳ ክር ልኩን በሚዞር ማሽን ስታጫውተው ይሮጣል፤ ቃናውም በጊታር ሦስት ቤት ያህል ከፍ ይላል።

ማረጋገጫው ደግሞ እዚያው ክሩ ላይ ነበር። ከጊታሩ ሥር የመብራቱ ጉምጉምታ ይሰማል። ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ለካሁት፤ 60 ኸርዝ፣ ያው 60 ሳይክል። ስፔን ውስጥ የተቀዳ ጉምጉምታ 50 መሆን አለበት። ፍጥነቱን በአንድ ስድስተኛ ዝቅ አደረግኩትና ጉምጉምታው 50 ላይ ቁጭ አለ። ድጋሚ ስከፍተው ጊታሩ ወፈረ። ዝምታዎቹ ረዘሙ። የሰውዬው ሳቅ የሰው ሳቅ ሆነ። አሮጊቷ ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉና እስኪያልቅ ቃል አልተናገሩም።

አባዬ፣ ይህን ያስተካከለው የአንተ ትምህርት ነው። «የሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ምን አወረስኳችሁ» ስትል ሰምቼሃለሁ። እዚህ አገር ስለ ዲዬጎ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህን ሪል ልኩን ያሰማው ግን አንተ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የተማርኩት ነገር ነው። ይህን በቃሌ ልነግርህ ብል ስለማያወጣኝ ነው የጻፍኩልህ።

ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ አልለቅም። አሮጊቷ አልፈቀዱም፣ እኔም ልክ ናቸው እላለሁ። ያ ምሽት ለወዳጅ የተጫወተው ነው። በሌላ በኩል እንዲህ ዓይነት ሪል ይዘው ለማንም ሳያሰሙ እንዲበሰብስ የሚተዉ ሰብሳቢዎች ያናድዱኛል። ስለዚህ ሄሬስ ከተማ የፍላሜንኮ ሰነድ ማዕከል አለ፤ አንድ ቅጂ እዚያ ይቀመጥ ብዬ እየለመንኳቸው ነው። «አስብበታለሁ» ብለዋል። አንተ ብቻህን የምትሰማት አንዲት ሶሌያ (ዝግ ያለ የፍላሜንኮ ስልት) ግን አስፈቅጄ በፍላሽ ልኬልሃለሁ። መንገደኛዋ በሚቀጥለው ሳምንት ትገባለች፤ ከፍላሹ ጋር የጉልበት ቅባትና ለእማዬ ነጠላ ጫማ አለ። በስልክ ስፒከር እንዳትሰማት፣ በትልቁ ስፒከር ይሁን።

አንድ የምጠይቅህ ነገር አለ። ሁለተኛው ሪል ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በጎኑ ብርሃን ላይ ሳየው ብርሃኑ ያልፋል፤ ስለዚህ አሴቴት ነው፣ ድርቅ ብሏል። በየቦታው የተቀጠለበት ፕላስተርም ሙጫው ደርቆ እየለቀቀ ነው። ማሽኔ ሲነሳና ሲቆም በኃይል ስለሚጎትት ይበጥሰዋል ብዬ ፈርቼ አልነካሁትም። የድሮዎቹ ላይ የሪሉን አሳሳብ የምታላላው ፍሬኑን ነክተህ ነበር ወይስ ሞተሩ ላይ ሬዚስተር ጨምረህ? ቅጥሎቹንስ ሳላጫውት በፊት በእጅ እያዞርኩ አንድ በአንድ ልቀይራቸው? መጻፉ ከከበደህ በድምፅ ቅዳና ላክልኝ። እስክትመልስልኝ ካርቶኑን አልከፍተውም።

እማዬን ሳምልኝ።

አክባሪ ልጅህ